ሐረር ለሁለት ሌሊት፦ አልጋው ከግንቡ ውስጥ ወይስ ከግንቡ ውጭ?

«መሃል ከተማ ላይ ነን፤ ምንም አይቸገሩም» አለኝ በስልክ ያነጋገረኝ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ። ዋጋው ደህና ነው፤ በፎቶው ላይ አንሶላው ነጭ፣ መጋረጃው ቀይ ነው። ቀብድ ላክሁ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከድሬዳዋ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሐረር ደረስኩና ባጃጅ ይዤ የሆቴሉን ስም ብነግረው፣ ባጃጁ ዞሮ በመጣሁበት መንገድ መልሶ ይዞኝ ሄደ። ለካስ ሆቴሉን በሚኒባሱ መስኮት እያየሁ አልፌው ነበር የመጣሁት።

እሑድ ማታ አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብዬ በሁለት ቀን ለባጃጅ ያወጣሁትን ደመርኩት። የአንድ ሌሊት አልጋ ዋጋ ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነበር። ሠራተኛው ግን አልዋሸኝም። ለእሱ መሃል ከተማ ማለት ባንኩ፣ መሥሪያ ቤቱና አዲሱ ሕንፃ ያለበት ነው። ሐረር ሁለት መሃል አላት፤ አንዱ የነዋሪው ነው፣ ሌላው የእንግዳው። አልጋ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መለየት ያለበት ይህንን ነው፤ ዋጋ ማወዳደር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የእንግዳው መሃል ፈረስ መጋላ ነው። ስሙ እንደሚናገረው የፈረስ ገበያ የነበረ አደባባይ ሲሆን ዛሬ ዙሪያውን ሱቅና ካፌ ከቦታል፤ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ነው። ከአደባባዩ ወደ ታች መኪና ግርግር ይጀምራል። መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እሱን ይዛችሁ ስትወርዱ ጊድር መጋላ ገበያ ትደርሳላችሁ። የሸሪፍ ሙዚየም፣ በተለምዶ በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም የራምቦ ቤት የሚባለው ባለ እንጨት ሕንፃ፣ ጃሚዕ መስጊድ፣ ሁሉም ከዚህ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በውስጡ ያለው ከተማ 48 ሄክታር ነው። ይህን የምጠቅሰው ለታሪክ ብዬ አይደለም። ሰው ዘና ብሎ ቢሄድ ከአንዱ በር ተነስቶ ሌላው ጋ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጅበት፤ አልጋችሁ ግንቡ ውስጥ ወይም በሩ ሥር ከሆነ ሁለቱን ቀን ሙሉ ለትራንስፖርት አንድ ብር ሳታወጡ ማሳለፍ ትችላላችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ስትደውሉ «መሃል ከተማ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ከፈረስ መጋላ በእግር ስንት ደቂቃ ነው?» በሉ። መልሱ በደቂቃ ከመጣ ጥሩ ነው። «ኧረ ቅርብ ነው፣ በባጃጅ አምስት ደቂቃ» ከተባላችሁ ግን ሩቅ ነው።

ዋጋው አልጋው ብቻ አይደለም

የብር ቁጥር እዚህ ብጽፍ ከሁለት ወር በኋላ ያሳስታችኋል። ስሌቱ ግን አይለወጥም። በቅዳሜና እሑድ ጉዞ ከክፍላችሁ ስንት ጊዜ ትወጣላችሁ፣ ስንት ጊዜስ ትመለሳላችሁ? ቅዳሜ ጠዋት መውጣት፣ ቀትር ላይ መመለስ፣ አሥር ሰዓት ላይ እንደገና መውጣት፣ ማታ ጅብ ሲመገብ አይቶ መመለስ፣ እሑድ ጠዋት መውጣት፣ ሻንጣ ለማንሳት መመለስ። ስድስት ነው። ሩቅ ሆቴል ላረፈ ሰው ስድስቱም የባጃጅ ጉዞ ነው። ከስድስቱ አንዱ፣ የማታው፣ በኮንትራት ዋጋ ነው የሚከፈለው፤ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ዋጋ የሚከራከር እንግዳ ደግሞ አያሸንፍም። የባጃጁን ዋጋ በስድስት አባዙና በአልጋው ዋጋ ላይ ጨምሩት። ብዙ ጊዜ «ርካሹ» ሆቴል ፈረስ መጋላ ካለው ጋር እኩል ይሆናል፤ አንዳንዴም ይበልጠዋል።

የቀትሩን መመለስ ብዙ ሰው አይቆጥረውም፤ እኔም አልቆጠርኩትም ነበር። ሐረር ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ፀሐዩ ይከርራል፣ ሱቁ ግማሽ በግማሽ ይዘጋል፣ ሰዉ ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የምታዩት ብዙ ነገር የለም። ክፍሉ ቅርብ የሆነለት ሰው ገብቶ ይተኛል፤ አመሻሹ ላይ ታጥቦ ከተማው ጋር አብሮ ይነቃል። ክፍሉ የራቀበት ካፌ ውስጥ ሦስት ሻይ እየጠጣ ሰዓቱን ይገፋል። እኔ የዚያን ቀን ሻዩን ቆጥሬዋለሁ፤ አራት ነበር።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። በስልክ የሚነገራችሁ ዋጋ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ላይጨምር ይችላል፤ ትልልቆቹ ሆቴሎች የአገልግሎት ክፍያም አላቸው። «የመጨረሻው የምከፍለው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም። ከውጭ የምትመጡ ደግሞ የውጭ ፓስፖርት ላለው ሌላ ዋጋ፣ አንዳንዴም በዶላር፣ የሚያስከፍሉ ቤቶች እንዳሉ እወቁ፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁ ስትደውሉ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሻንጣ ይዞ በር ላይ ቆሞ ከመከራከር ይሻላል።

ጌይ ጋር፦ ግንቡ ውስጥ፣ ሰው ቤት

ሐረሪዎች ከተማቸውን ጌይ ይሏታል፤ ጌይ ጋር የከተማው ቤት ማለት ነው። ከእነዚህ ቤቶች ጥቂቶቹ ለእንግዳ ክፍል ያከራያሉ። እኔ አሁን ሐረር ስሄድ የማርፈው እዚህ ነው። ለምን እንደሆነ በደንብ ልንገራችሁ፤ ለእናንተ የማይሆንበትንም ምክንያት አልደብቅም።

በጠባቡ መንገድ ዳር፣ በኖራ በተቀባ ግንብ መካከል አንዲት የእንጨት በር አለች። ስትገቡ ጊቢ ነው፤ ዛፍ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የሚሯሯጡ ሕፃናት። ጫማችሁን ታወልቃላችሁ። ዋናው ክፍል ውስጥ ወለሉም መደቡም ቀይ ነው። መደቡ ነደባ ይባላል፤ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት ነደባዎች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ድሮ በሥርዓት የተደለደለ ነው። ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ስፌትና ባለ ቀለም ሳህን ተሰቅሏል፤ በግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉ የዕቃ ማስቀመጫ መስኮቶች አሉ። ሙዚየም ገብታችሁ ይህን ልታዩ ትችላላችሁ። ልዩነቱ እዚህ መቀመጥ መቻላችሁ ነው። ሲነጋ የቤቱ እመቤት ቁጢ ይዘው ይመጣሉ፤ ቁጢ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ነው፤ ወተት ይገባበታል፣ ትንሽ ጨው አለው። የመጀመሪያው ቀን በአክብሮት ነበር የጠጣሁት። በሁለተኛው ቀን «ልጄ፣ ልድገምህ?» ሲሉኝ ስኒዬን ቀድሜ ዘረጋሁ።

ዋጋው ብዙውን ጊዜ በፔንሲዮንና በደህና ሆቴል መካከል ነው። ቁርስ አብሮ ስለሚመጣ ግን ከሁለቱም ጋር ስታወዳድሩ ቁርሱን ቀንሱለት።

አሁን ችግሩን ልናገር። መጸዳጃና ሻወር በአብዛኛው የጋራ ነው፤ ሌሊት ጊቢውን አቋርጣችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ላይኛው ክፍል ከደረሳችሁ ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ጉልበት የሚያማቸውን ይዛችሁ ከሆነ የታችኛውን ክፍል ቀድማችሁ ጠይቁ። ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ነውና መጠጥ ይዞ መግባት ነውር ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ በር ማንኳኳትም እንዲሁ። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሦስትና አራት ክፍል ብቻ ያለው ቤት አንድ ቤተሰብ ሲመጣበት ይሞላል። በትልልቆቹ የኢንተርኔት የሆቴል ገጾች ላይ ሁሉንም አታገኟቸውም፤ አብዛኛው በስልክ ነው የሚያዘው፤ ስልኩንም ከቀድሞ እንግዳ ወይም ከከተማው አስጎብኚ ነው የምታገኙት።

መኪና የያዘ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ጀጎል ውስጥ መኪና የሚገባው በጥቂት መንገድ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቅያስ ነው። መኪናውን የት እንደምታሳድሩ ሳታውቁ አትምጡ።

መንገድ መጥፋትም አለ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ነጭ ግድግዳ አንድ ዓይነት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ማታ ሁለት ጊዜ ዞሬ የማላውቀው ሰው በር ላይ ቆምኩ። አንድ ልጅ ነው በመጨረሻ ሳይጠይቀኝ ይዞ ያደረሰኝ፤ እንግዳ የት እንደሚያድር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቀን ሳለ ከፈረስ መጋላ እስከ ቤቱ ሁለት ጊዜ ሂዱበትና ምልክት ያዙ፤ የሱቅ በር ቀለም፣ የመስጊድ ሚናራ፣ ምንም ይሁን። ሚናራ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ግንቡ ውስጥ 82 መስጊድ አለ።

ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው ይህንን ቤት ነው። ጊቢ ውስጥ እናት አለ፣ አያት አለ፤ ፔንሲዮን ኮሪደር ላይ የሚያጋጥም የሰካራም ኳኳታ የለም። ማታ ስትወጪ ግን የቤቱን ልጅ ወይም አስጎብኚ ይዘሽ ውጪ።

ፈረስ መጋላ ዙሪያና ወደ ሐረር በር የሚወስደው መንገድ፦ ፔንሲዮን

በዋጋ ማንም አይበልጣቸውም፤ በቦታም እንደዚሁ። በራችሁን ስትከፍቱ አደባባዩ ፊታችሁ ነው፤ ያረጁ ሰማያዊና ነጭ ፔዦ ታክሲዎች ጡሩምባቸውን ሲነፉ ትሰማላችሁ። ችግሩም ይኸው ነው። ትሰማላችሁ።

በእነዚህ ቤቶች እንቅልፍ ዕድል ነው። ታችኛው ፎቅ መጠጥ ቤት ከሆነ ሙዚቃው እስኪዘጋ ትጠብቃላችሁ፤ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ አዛኑ ከየአቅጣጫው ይነሳል፤ እሑድ ሌሊት የመድኃኔዓለም ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ይጨመርበታል። እኔ አዛኑን እወደዋለሁ፤ አንዱ ጀምሮ ሌላው ሲቀበለው፣ ድምፁ በግንቡ ውስጥ ሲዞር፣ ነቅቼ አዳምጠዋለሁ። ሙዚቃውን ግን አልወደውም። የጀጎል ቤት ያረፈም ቢሆን ከአዛኑ አያመልጥም፤ ፍጹም ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው ግንቡ ውስጥ አልጋ የለም።

እዚህ የሚሠራው ብልሃት አንድ ነው፤ ሳትከፍሉ ክፍሉን እዩ። በኢትዮጵያ ፔንሲዮን «አልጋውን ልየው» ማለት ማንንም አያስገርምም። ሥራ አስኪያጁ ቁልፍ ይዞ ሲመራችሁ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ በመንገዱ በኩል ያለውን ነው፤ መስኮት ስላለው ያኮራዋል። ወደ ጓሮ ያለውን ጠይቁ። ትራሱን አንሱና ሥሩን እዩ፤ ፍራሹን በመዳፋችሁ መሃሉ ላይ ጫኑት፤ በሩ ከውስጥ እንደሚቆለፍ ሞክሩ። ቧንቧውን ክፈቱ። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ነው። ካልወደዳችሁት «አመሰግናለሁ፣ ልዞር» ብላችሁ ትወጣላችሁ፤ ሌላው ፔንሲዮን ብዙ አይርቅም።

ብቻውን ለሚጓዝ፣ ገንዘብ ለቀጠነበት፣ እንቅልፉ ከባድ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም። ሕፃን ይዞ ለመጣ ግን አይሆንም።

ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ

ሆቴል የሚባለው በትክክል ያለው እዚህ ነው፤ የግል ሻወር፣ ሙቅ ውሃ፣ ጄኔሬተር፣ ጥበቃ ያለው የመኪና ማቆሚያ፣ ምግብ ቤት። ቤተሰብ ይዛችሁ፣ በራሳችሁ መኪና ከመጣችሁ አትከራከሩ፤ እዚህ እረፉ። ማየት ያለባችሁ ርቀቱን ብቻ ነው። ከሐረር በር ወይም ከሸዋ በር በእግር አሥር ደቂቃ የሚወስድ ሆቴል ግንቡ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። ከዚያ ባለፈ በየአምስት ደቂቃው መንገድ ሆቴሉ ይረክሳል፣ የባጃጁ ሒሳብ ግን ይከተላችኋል። እኔን የገጠመኝ ያ ነበር። ሁለት ሆነው ወይም ሦስት ሆነው ለሚሄዱ ባጃጁ ስለሚካፈል ርቀቱ ብዙም አይጎዳም፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው ነው የሚጎዳው።

ድሬዳዋ አድሮ ሐረርን መጎብኘት

ይህን ምክር በተደጋጋሚ እሰማለሁ፦ «ድሬ እረፍ፣ ሐረር ጠዋት ሄደህ ማታ ትመለሳለህ።» ምክሩ የሚመነጨው ከበረራው ነው። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ድሬዳዋ ነው፤ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ትበራላችሁ፤ ሐረር የራሷ የመንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ድሬ የሆቴል ምርጫዋ ሰፊ ነው። ከዚራ ሰፈር ደግሞ ለእግር ጉዞ የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረው፣ ቀጥ ያለ መንገዱን ዛፍ ያጠለለው ሰፈር። አመሻሽ ላይ ከከዚራ ተነስቶ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ገበያ መግባት በራሱ አንድ ጉዞ ነው።

ለሐረር ብሎ ድሬ ማደር ግን ስሌቱ አይመታም። በሁለቱ ከተሞች መካከል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ መንገዱ የደንገጎን ዳገት ይወጣል፣ በሐረማያና በአወዳይ ያልፋል፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ አወዳይ የጫት ገበያው ሲደራ ደግሞ ይበልጣል። ሚኒባሱ ቀን እንደ ልብ ነው፤ ሲመሽ ይመናመናል። ጅቡ የሚመገበው ግን ከጨለመ በኋላ ነው። እንግዲህ ወይ ጅቡን ትታችሁ ትመለሳላችሁ፣ ወይ ኮንትራት መኪና ትይዛላችሁ። የኮንትራቱ ዋጋ በጌይ ጋር አንድ ሌሊት ያሳድራል። ጅቡን ያላየ፣ ማታ ፈረስ መጋላ ያልተቀመጠ ሰው ደግሞ ሐረርን ያየው በግማሹ ነው።

ሙቀቱንም ጨምሩበት። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ። በሞቃታማው ወራት ድሬ ውስጥ ማራገቢያ የሌለው ርካሽ ክፍል መያዝ ራስን መቅጣት ነው፤ የአየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ደግሞ ርካሽ አይደለም። ሐረር ሌሊት ብርድ ልብስ ይፈለጋል። ማራገቢያ የሚባል ወጪ የለባትም።

ድሬ የሚያዋጣበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ዓርብ ማታ ዘግይቶ ለሚያርፍ መንገደኛ። በዚያ ሰዓት ሐረር ለመግባት መጣደፍ አያስፈልግም። ከዚራ እደሩ፣ ጠዋት በሚኒባስ ውጡ፣ የቅዳሜውን ሌሊት ጀጎል አድርጉት። እኔ ሦስቴ እንዲህ አድርጌ አልተጸጸትኩም። ሁለት አልጋ መያዝ አታካች ቢመስልም የጠዋቱ መንገድ በቀን ብርሃን ስለሚሆን ደንገጎን እያያችሁ ትወጣላችሁ።

በአውቶቡስ እንሂድ ለምትሉ ደግሞ አጭር መልስ፦ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ለሁለት ቀን አይሆንም፤ አራት ቀን ካላችሁ ሂዱበት፣ መንገዱ ቆንጆ ነው።

ውሃ

የሐረርን አልጋ ከሌላ ከተማ አልጋ የሚለየው ጥያቄ ይህ ነው። ከተማዋ ለአሥርተ ዓመታት የምትጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ከ20 ዓመት በፊት ደረቀ፤ ከዚያ ወዲህ ውሃዋ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ሽቅብ እየተገፋ ነው የሚመጣላት። በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ አለ፣ የሚቋረጥበትም አለ። ስለዚህ ጥሩ ሆቴልና መጥፎ ሆቴል የሚለዩት በአንሶላው አይደለም፤ ጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ነው። አንድ ጊዜ በስልክ የተነጋገርኩትን እነሆ፦

«ውሃ አለ?»

«አለ።»

«ከቧንቧ ነው ወይስ ከሮቶ?»

«ከሮቶ።»

«ሮቶው ዛሬ ሙሉ ነው?»

ዝም አለች። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ጓሮ ጮኸች፦ «አቦ! ሮቶው ተሞልቷል እንዴ?» ከሩቅ የወንድ ድምፅ የሆነ ነገር መለሰላት። «ነገ ይሞላል» አለችኝ።

ለእውነተኛነቷ ሌላ ጊዜ እዚያ አድሬያለሁ። የዚያን ሳምንት ግን ሌላ ቤት ያዝኩ። ሮቶ የሌለው ቤት ውስጥ ባልዲና ጀሪካን ነው የሚጠብቃችሁ፤ በባልዲ መታጠብ ለማይከብደው ሰው ይህ ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው። «ሻወር ስለሌለ ስንት ትቀንሱልኛላችሁ?» ብዬ ጠይቄ የተቀነሰልኝ ጊዜ አለ። ፎቅ ያለው ሆቴል ከሆነ ደግሞ ከላይኛው ፎቅ ይልቅ የታችኛውን ያዙ፤ ግፊቱ ሲደክም መጀመሪያ የሚደርቀው ላይኛው ነው።

ይህ ሁሉ የማይሠራባቸው ቀናት

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። በነዚያ ቀናት ዙሪያ ከድሬ እስከ ሐረር አልጋ ፍለጋ መዞር ልፋት ነው፤ የተገኘውም በበዓል ዋጋ ነው። ለንግሡ ካልሆነ በቀር ሳምንቱን ዝለሉት።

ሸዋል ዒድ ሌላው ነው። ከረመዳን ቀጥሎ ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲፈታ ሐረር የምታከብረው በዓል ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በውጭ የሚኖሩ የከተማዋ ልጆች ሳይቀሩ ይመጣሉ፤ ጌይ ጋሮቹ በዘመድ ይሞላሉ፤ ለእንግዳ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያንን ማየት ከፈለጋችሁ ረመዳን ሳይገባ ደውሉ፣ ቀብዱንም ያኔውኑ ክፈሉ። ዋጋ አትከራከሩ፤ በዚያ ሳምንት የሚከራከረው ባለቤቱ ነው።

ረመዳን ራሱ የተለየ ነው። ቀን ላይ ጀጎል ውስጥ ምግብ ማግኘት ስለሚያዳግት ቁርስን ያካተተ አልጋ ያለው ጥቅም ይጨምራል፤ ሌሊቱ ግን ከየትኛውም ጊዜ የበለጠ ሕይወት አለው። አልጋም በቀላሉ ይገኛል። እንቅልፍ ለማይወድ ሰው ጥሩ ጊዜ ነው።

በተራ ሳምንት ከሆነ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ላይ ደውሉ። ዓርብ ከሰዓት የሚደውል ሰው የተረፈውን ነው የሚይዘው፤ ከወር በፊት የሚደውል ደግሞ ስሙ የተጻፈበት ደብተር ገጹ ተገልብጦ ይረሳል። ጌይ ጋር ከሆነ ዓርብ ጠዋት እንደገና ደውሉና «ነገ ነው የምመጣው» በሉ፤ በዚያው ቁርስ ላይ ቁጢ ወይም ሻይ እንደምትፈልጉ ተናገሩ።

እሑድ ክፍል የሚለቀቅበትን ሰዓትም ጠይቁ። ፔንሲዮኑ አራት ሰዓት ላይ በር ያንኳኳል፤ ሻንጣ የሚያስቀምጥበት ቦታ ካለው ጠረጴዛው ሥር ነው። ትልቁ ሆቴል ደረሰኝ ሰጥቶ ያስቀምጥላችኋል። ያረፍኩበት የጀጎል ቤት እመቤት ደግሞ ሻንጣዬን ራሳቸው ጎትተው ከታችኛው ነደባ ሥር አኖሩትና «ምሳህን ብላ፣ ገበያህን ዙር፣ የድሬ መኪና እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አያልቅም» አሉኝ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ ሻንጣዬ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ግማሽ ኪሎ የሐረር ቡና ተቀምጧል። ሒሳብ ልጠይቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ልጃቸው ከፊት ከፊቴ እየሄደ እስከ ሚኒባሱ ሸኘኝ።